«ትምህርት ቤት እስኪከፈት ጠብቁ» ላሉን ለቤት ኮሚቴው ሰብሳቢ

ለተከበሩ ኡስታዝ ፈድለላ ሐምዱን
የወድ ሰንጃብ ተወላጆች መረዳጃ ማኅበር የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካይሮ

ግልባጭ፦ ለማኅበሩ አባላት በሙሉ፤ በክበቡ ግድግዳ ላይ ከአዲሱ መመሪያ አጠገብ የሚለጠፍ

ጉዳዩ፦ በስድስተኛው ገጽ የተሰጠኝን ምስጋና ስለ መመለስ

የተከበሩ ኡስታዝ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። ባለፈው ዓርብ በክበቡ በር ሲገቡ ወገብዎን በእጅዎ ደገፍ አድርገው አይቼዎት ስለ ነበር፣ ሕመሙ ለቆዎት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካልለቀቀዎት ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ትምህርት ቤት እስኪከፈት እንዳይጠብቁ በትሕትና አሳስባለሁ።

እኔ ሲትና ኢድሪስ ነኝ። ስሜን አንብበው ፊቴ አልመጣልዎት ይሆናል። በስብሰባ ጊዜ ከኋላ የምቀመጠው፣ ስብሰባው ሲበተን ብርጭቆ የማጥበው፣ የመንደራችን የመስኖ ፓምፕ ጠባቂ የነበረው የኾጀሊ ሚስት ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት አባልነቴ እጄን አውጥቼ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬም ባልናገር በወደድኩ ነበር። ነገር ግን ኮሚቴያችሁ ሳልጠይቀው አመስግኖኛል። ምስጋናን ሰምቶ መልስ አለመስጠት ደግሞ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ለማኅበሩ ሠላሳኛ ዓመት በአዲስ መልክ የታተመው «ለሕክምና ወደ ካይሮ ለሚመጡ ወገኖች የቤት አፈላለግ መመሪያ» ደርሶኝ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። በስድስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሟቹ ወንድማችን ኾጀሊና ባለቤቱ ሲትና ሦስቱን አንቀጾች አንድም ሳያጓድሉ በማክበርና ጊዜያቸውን በትዕግሥት በመጠበቅ ለሁላችንም ምሳሌ ሆነው አልፈዋል።»

እኔ ገና አላለፍኩም። ይህ የመጀመሪያው እርማት ነው። የቀሩት ረዘም ስለሚሉ ሻይዎን አስቀድተው ቢያነቡት እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደኝ የገዛ ስሜ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ገጹን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ በከተትኩት ነበር። የኾጀሊ ታናሽ እህት በቱል፣ ለመንደሩ ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ የምትሰፋው፣ ታማለች። እናታቸውን ወስዶ፣ ወንድሟን ወስዶ፣ አሁን ወደ እርሷ የመጣው ያው በደማቸው የሚሄደው የኩላሊት በሽታ ነው። የካርቱሙ ሐኪም በዚህ ወር ውስጥ ካይሮ ደርሳ እጥበት እንድትጀምር ጽፎላታል። ቪዛዋ ተመቷል። ትኬቷም ቀን ብቻ ይቀረዋል። እኔም የሐምሌ ወር እንደ ገባ ደውዬ ነይ አልኳት።

የመለሰችልኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ።

«ሲትና፣ አንቺና ወንድሜ ስንት ጊዜ ጠበቃችሁ?»

«ከሰኔ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪከፈት።»

«ታዲያ እኔ ማን ሆኜ ነው የምዘለው? ዓርብ ከሶላት በኋላ መምህሩ መመሪያውን ከስልኩ ላይ ለሕዝብ አነበበው እኮ! የናንተ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ደግሞ ነገ ሻንጣዬን ይዤ ብወጣ ምን ይሉኛል? ‹የኾጀሊ እህት የወንድሟን ያህል ልብ የላትም› ነው የሚሉኝ።»

«በቱል፣ ይበሉሽ! ሰው ያለው ኩላሊት አይሆንሽም።»

«አንቺማ አሁን የካይሮ ሰው ሆነሻል። እኔ እዚህ ነው የምኖረው፤ የኡስታዝ ፈድለላ አባት የተቀበሩበት መንደር ውስጥ። ኮሚቴው ጊዜው ነው ሲል እመጣለሁ። ያን ጊዜ ፊትሽንም አያለሁ፣ የደረቀ ባሚያ ዌካም ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መመሪያውን እንደገና አነበብኩት። አንዲት ሴት በእኔ ምሳሌነት ልትሞት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱን አንቀጾች እናንተ በቁጥር እንዳስቀመጣችሁልን እኔም በቁጥር ላመሰግንባችሁ እወዳለሁ።

፩ኛ) «ማንም ሰው ካይሮ ሳይደርስና በዓይኑ ሳያይ ቤት አይከራይ፤ ያልታየ ቤት ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ነው።»

ይህ አንቀጽ ለምን እንደ ተጻፈ አውቃለሁ፤ በሐሰት አልከስም። አንድ ደላላ አንዱን ቤት ለሦስት ቤተሰብ አከራይቶ፣ ሦስቱም ሕመምተኞቻቸውን ይዘው አንድ በር ላይ ከነሻንጣቸው ተገናኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ደላላውን ከአካባቢው ማባረር ሲገባ፣ ኮሚቴው በጥበቡ ሕመምተኞቹን መከልከል ቀላል ሆኖ አግኝቶታል። በዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይን ያላቸው ከመቶ ሠላሳ በላይ የወድ ሰንጃብ ተወላጆች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሄዶ ቤቱን አይቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘግቶ፣ «ደህና ነው፣ ውል ግቡ» ሊል ይችል እንደሆነ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ጉዳዩ የማኅበሩን ክብር የሚነካ ሳይሆን አይቀርም።

በነገራችን ላይ አክስትዎ ሐጃ ሰዓዲያ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እርስዎ ከመምጣትዎ ከሦስት ወር በፊት ቤት እንደ ያዙልዎ፣ መጋረጃውን እንኳ በገዛ እጃቸው እንደ ሰቀሉልዎ በኩራት ያወሩልኝ ነበር። ያውም በሐምሌ ወር። እርስዎ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ቁልፉ በኪስዎ ነበር። ዓሣውን ባሕር ውስጥ እያለ የገዙት ያን ጊዜ አንቀጹ ስላልወጣ ይሆናል ብዬ ሁልጊዜ በልቤ እከራከርልዎታለሁ።

፪ኛ) «በሙቀቱ ወራት ማንም አይምጣ፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንግዶች ከነዕቃው የሚከራየውን ቤት ሁሉ ይይዛሉና፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶ እነርሱ እስኪመለሱ ይጠበቅ።»

ይህ አንቀጽ ስለ ቤት ኪራይ ከሆነ እውነት ነው፤ አንዲት ነጥብ አይነሣበትም። ብቸኛው ጉድለቱ የኩላሊት በሽታ የትምህርት ቤት መክፈቻን አለማወቁ ነው።

ያን ዓመት ለኾጀሊ ሐኪሙ «ሂድ» ያለው በሰኔ ነው። መመሪያው በዚያ ጊዜ አንድ ነጠላ ወረቀት ነበር። ኾጀሊ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ካርቶንና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለ ነበር፣ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። በሁለተኛው ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ወረቀቱ ጠብቁ ይላል።»

«እንግዲያስ እንጠብቃለን። አንብበሽ የለ?»

ሐምሌን ጠበቅን፤ ነሐሴንም ጠበቅን። ጠዋት ጠዋት ከፓምፑ ቤት በር ላይ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ያበጠ ቅልጥሙን ጫን ያደርግና የጣቱ ጉድጓድ እስኪሞላ ያይ ነበር። በመጀመሪያ ቶሎ ይሞላ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ጉድጓዱ ሳይሞላ ፓምፑን አስነሥቶ ይመለስ ነበር። «አየሽ፣ ቆዳዬ ሰነፈ» እያለ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የእንግዶቹም አውሮፕላኖች ሄዱ። እንደ ታዘዝነው መጣን። የቤት ኪራዩ በእርግጥም ወርዶ ነበር። ለዚህ ማመስገን ይገባኛልና አመሰግናለሁ።

፫ኛ) «የተቀበለህን ዘመድ እንዳታስቀይም ስለ ቤት ፍለጋ ፈጥነህ አታንሣ፤ ተቀባይ የማለውን መሐላም አክብር።»

ይህ አንቀጽ ከሦስቱ የሚያምረው ነው። ኮሚቴው በአንድ ዓረፍተ ነገር የአባቶቻችንን እንግዳ ተቀባይነት ጠብቋል። እኔም የእርሱን ታሪክ በጥቂቱ ባስረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያረፍነው የኾጀሊ የአጎት ልጅ ከሆነው ከሚርገኒ ቤት ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ። አሳንሰሩ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎት፣ ውስጡ የአንድ ጎረቤት ብስክሌት ይቀመጥበት ነበር። ሚርገኒና ሚስቱ ረውዳ መኝታ ቤታቸውን ለቀውልን ከልጆቻቸው ጋር ኮሪደር ላይ ተኙ። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነው ልል አልችልም። እስከ ዛሬም አላልኩም። እጥበቱ በሳምንት ሦስት ቀን ነበር። ሦስት ቀን ይወርዳል፤ ሦስት ቀን ይወጣል። አንድ መቶ አራት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ እንደ ነገሩ አድርጌ፣ «በሆስፒታሉ አካባቢ ቤት ጠያይቀን እናያለን እንግዲህ» አልኩ። ረውዳ የያዘችውን የኪስራ ቂጣ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ምን አጎደልንባችሁ?» አለች። «ወጡ ቀጠነ? ልጆቼ ጮኹባችሁ? ንገሪኝ እንጂ፣ ሲትና፣ ሰው ሳይሰማ ንገሪኝ!»

«ኧረ የኔ እህት፣ ምንም አላጎደላችሁም። ለናንተ ብለን ነው፤ ተጣበባችሁ።»

«ተጣበባችሁ አለች! ሚርገኒ፣ ስማ! ጠባብ ነው አለችን።»

ሚርገኒም ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እጁን ግድግዳው ላይ መትቶ ማለ። «ወር ሳይሞላ እግራችሁ ከዚህ ቤት ቢወጣ ረውዳ ፈት ትሁን!»

የእኛን አገር ሰው ለማያውቅ ይህ ቀልድ ይመስለዋል። እርስዎ ግን ያውቃሉ። እንግዳ በምሳ ሰዓት ልሂድ ካለ በሚስቱ ፍቺ የሚምል፣ ጠያቂ ሻይ አልጠጣም ካለ በሚስቱ ፍቺ የሚምል ሕዝብ ነን። የእያንዳንዳችን ትዳር በስንት ሰው ሆድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውል ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ቁርስ በኋላ ቤት መፈለግ ማለት ያስጠጋችኝን ሴት ማስፈታት ማለት ሆነ። ኾጀሊ ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ «አበቃ፤ መሐላ ገባበት» አለኝ። ውኃ ጠጥቶ ተኛ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚህ ግድግዳ ላይ የሚያነቡት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚሰሙት፤ በቱልም ጭምር።

በስድስተኛው ቀን የሕንፃው ዘበኛ አሚ ገላል ከበሩ ላይ ጠራኝ። ኾጀሊ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያርፍ አይቶት ነበር።

«ሐጃ፣ አትቀየሚኝና ባልሽ ደረጃ የሚወጣ ሰው አይደለም። እኔ እዚህ በር ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እግር አይቼ አውቃለሁ።»

«ምን ላድርግ፣ አሚ ገላል? ዘመድ ቤት ነን።»

«ዘመድ በሰማይ ቤት ነው እንዴ የሚኖረው? ስሚኝ፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ የእህቴ ባል በሚጠብቀው ሕንፃ ምድር ቤት ሁለት ክፍል ዛሬ ጠዋት ተለቀቀ። ደረጃ የሚባል የለውም፤ ከአልጋው ተነሥቶ በእግሩ ሆስፒታል ይደርሳል። እስከ ሐሙስ ለማንም እንዳትሰጥ ብዬዋለሁ። ለባልሽ ንገሪውና ሐሙስ መጥታችሁ እዩት።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

አልነገርኩትም።

ኾጀሊ ቢሰማ ይሄድ ነበር፤ አውቀዋለሁ። መሐላውንም ቢሆን በልኩ እንዲያሳጥረው ሚርገኒን ይለምነው ነበር። እኔ ግን የረውዳ ፊት ታየኝ። «ሲትና የምትባል ሴት ገብታ ትዳር አፈረሰች» ብሎ የሚያወራው መንደር ታየኝ። መመሪያችሁም ታየኝ፤ ታትሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት። ሐሙስ ዕለት ከረውዳ ጋር ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ባሚያ ስከታትፍ ዋልኩ። አሚ ገላል ማታ በበሩ ስናልፍ አየኝ። ዓርብ ያ ቤት የመናዊ ቤተሰብ ገባበት።

ኾጀሊ በመጣን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከእጥበት ስንመለስ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ባለው ማረፊያ ላይ ቆመ። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት ወንበር አወጣችለት። ሚርገኒን ልጥራው ስለው እጄን ያዘኝ። «ተይው፤ ደረጃው ከበደው ብሎ ይከፋዋል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ሰው እንዳይከፋው ሲል በጎረቤት ወንበር ላይ ሞተ።

ኮሚቴው ያደረገልኝን ደግሞ አልረሳም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወሩ ሳይሞላ ሬሳ ከቤቱ መውጣቱ የሚርገኒን መሐላ ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም የሚል ከባድ ጥያቄ ተነሥቶ፣ ሽማግሌዎቹ ከዙሁር እስከ ዐሱር ተከራክራችኋል። ድምፃችሁ እስከ ሴቶቹ ወገን ይሰማ ነበር። እርስዎም በመጨረሻ፣ በእግሩ ስላልወጣ መሐላው አልፈረሰም ብለው በመፍረድዎ የረውዳ ትዳር ተረፈ። በዚያ ቀን በእርስዎ ጥበብ የተረፈ አንድ ነገር መኖሩ እስከ ዛሬ ያጽናናኛል። እኔም ነጭ ልብሴን ለብሼ አራት ወር ከአሥር ቀን እዚያው መኝታ ቤት ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛ ሴት ቤት ፍለጋ አትወጣምና በዚህም ሦስተኛውን አንቀጽ ሳላጓድል ፈጽሜያለሁ።

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱን አላስቸግረውም። ቤቱን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ኮሚቴው እጄን አልያዘም፤ አፌንም አልዘጋም። ከኾጀሊ ይልቅ ወረቀት አምኛለሁ፤ ከእስትንፋሱም ይልቅ የሴት ፊት ፈርቻለሁ። በዚህ ከፈጣሪ ጋር ያለኝን ሒሳብ ኮሚቴው እንዲያጣራልኝ አልለምንም። የምለምነው ሌላ ነው። ጥፋቴን ወስዳችሁ፣ አጥባችሁ፣ አረንጓዴ ሽፋን አልብሳችሁ፣ ምሳሌ ብላችሁ ለሌላ ሕመምተኛ አትስጡብኝ።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከስድስተኛው ገጽ ስማችን ይውጣ። እንደገና ለማሳተም ወጪው የሚከብድ ከሆነ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በጥቁር ቀለም እሰርዘዋለሁ። ብርጭቆ ከማጠብ አይከብድም፤ ቅጂዎቹንም ክበቡ ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ።

ሁለተኛ፣ በየመንደሩ ስልክ ላይ ያለው መመሪያ ሕመምተኛን እንዳያካትት በአንድ መስመር ይታረም። ለጋብቻ ዕቃ ሊገዛ የሚመጣ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ የሚመጣ፣ ቤት እስኪረክስ ይጠብቅ፤ በደስታ ይጠብቅ። ሐኪም ቀን የቆረጠለት ግን በሐኪሙ ቀን ይምጣ። ቤቱን እኛ እንይለት፤ ሲወርድ ቁልፉ ይጠብቀው። ዘመድም ሊቀበለው ከፈለገ ምሳ ይጋብዘውና ወደ ቤቱ ይሸኘው፤ በመሐላ ከመቀበል በምሳ መቀበል ይሻላል።

ሦስተኛውና ዋናው ስለ በቱል ነው። ባለፈው ሰኞ ከሆስፒታሉ አጠገብ ደረጃ የሌለው ቤት ተከራይቻለሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። የባሕረ ሰላጤው እንግዶች ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ እየኖሩ ነው፤ ልጆቻቸው ኳስ ይጫወታሉ። በቱል ቤቱን በዓይኗ አላየችውም። ዘመድም አልጠየቅሁም። ሦስቱንም አንቀጾች በአንድ ከሰዓት አፍርሻለሁ፤ ሰማዩም አልወደቀም። የጎደለው አንድ ነገር ነው። እርሷ የእኔን ቃል አትሰማም፤ የእርስዎን ትሰማለች። የአባትዎ ስም በዚያ መንደር አሁንም ይከበራል። ስልክ አንሥተው «ነይ» ቢሏት አንድ ቃል ነው። መልእክትዎን በጽሑፍ ከመረጡም አንድ ቃል ነው፤ አንቀጽ አይፈልግም።

ለኮሚቴው ረዥም ዕድሜ፣ ለአባላቱ ሰፊ ቤት፣ ለቤቶቻቸው ሁሉ የሚሠራ አሳንሰር እየተመኘሁ፣ እስከ ዛሬ ስለ ሰጣችሁኝ ያልተገባኝ ክብር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣

አክባሪዎ፣ የማኅበሩ የኋላ ረድፍ አባል፣
ሲትና ኢድሪስ፣ የኾጀሊ ሚስት

የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ለእርስዎ ከመላኬ በፊት በግድግዳ ላይ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ትናንት ከዐሱር በኋላ ለበቱል በስልክ አነበብኩላት። የአሚ ገላል ቦታ ላይ ስደርስ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ። አንብቢ።»

ጨረስኩት። የስፌት መኪናዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ደውለሽ ሰላም ስትዪኝ ይሄን ይዘሽ ነው?» አለችኝ።

«ይሄን ይዤ ነው።»

«ረቡዕ እመጣለሁ። ፈድለላንም አትለምኚው፤ ትኬቴን ቆርጬ ነው የምደውልልሽ። ግን ስሚኝ፣ ሲትና፤ የምመጣው ልታከም ነው፤ ይቅር ልልሽ አይደለም። ይቅርታውን እዛ ደርሼ ደሜ ሲጠራ አስብበታለሁ።»

ስለዚህ ከላይ የጠየቅሁት ስልክ አላስፈለገም፤ ድምፅዎን ለሚቀጥለው ንግግር ይቆጥቡት። ልመናውን ያልሰረዝኩት ከበቱል በኋላ ለሚመጣው ሕመምተኛ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። እርሷ አስቤበታለሁ እስክትል ድረስ እኔ በአንድ ቤት ውስጥ አብሬያት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በዚህ በኩል ኮሚቴው አያስብ፤ መጠበቅ እንደምችል በታተመ ወረቀት መስክራችሁልኛል።